በሊሙ ገነት ያቆምኩት የመስታወት ግንብ

ሐኪሙ ጉልበቴን ጫን ጫን አድርጎ ካየ በኋላ፣ «እማማ፣ ከእንግዲህ መሰላል ይቅርብዎት» አለኝ። እማማ ማለቱ ከጉልበቴ በላይ አመመኝ። ቤቴ ገብቼ ውሃ ልኬንና ቱንቢዬን ወለወልኩ፤ ሲባጎዬን ጠቀለልኩና ሁሉንም ቁም ሣጥኑ ላይ ሰቀልኩት። ጡረታ መውጣት ይህ ከሆነ ወጥቻለሁ። ደብዳቤ የሰጠኝ የለም። በቀን ሒሳብ የኖረ ሰው ጡረታው የሚጀምረው ጉልበቱ እምቢ ያለ ቀን ነው።

ከሰኮሩ እስከ ሸቤ ስትሄዱ፣ መንገድ ዳር ፀሐይ ሲያርፍበት ቦግ የሚል የመስታወት ብሎኬት ግድግዳ ካያችሁ ቆም በሉና ተመልከቱት። መጋጠሚያው ከላይ እስከ ታች እንደ ተወጠረ ክር ቀጥ ብሎ ከወረደ የኔ ሥራ ነው። ከተንጋደደ የሌላ ሰው ነው። ጉራ አይምሰላችሁ ልል ነበር፤ ግን ይምሰላችሁ። ሠርቼ ነው የምጎርረው።

ለማያውቀው ሰው፣ የመስታወት ብሎኬት ማለት እንደ ጡብ የሚደረደር፣ ውስጡ ባዶ የሆነ ወፍራም መስታወት ነው። ብርሃን ያስገባል፣ ውስጥ ያለውን ሰው ግን ለአላፊ አግዳሚ አያሳይም። ሲያዩት ቀላል ይመስላል። ስንቱን ጎበዝ ግንበኛ እንዳዋረደ እኔ አውቃለሁ።

አባቴ ለመንግሥት ሥራ ከሸዋ መጥቶ ጅማ የቀረ ጸሐፊ ነበር። ደርግ ወድቆ አዲሱ መንግሥት ሲገባ መሥሪያ ቤቱ ታጠፈና አባቴ ቤት ዋለ። እኔ የቀሚስ ጥልፍ እጠልፍ ነበር፤ እሱም ቢሆን የሚያሠራው ሰው እየጠፋ ሄደ። አንድ ቀን ጎረቤቴ፣ «ሕንፃ ሥራ ሴት ይፈልጋሉ» ብላኝ ተከትያት ሄድኩ። ማታ አሸዋ በአሸዋ ሆኜ ስገባ እናቴ፣ «የጸሐፊ ልጅ ባሬላ ተሸከመች!» ብላ ደረቷን ደቃች። አባቴ ግን ዝም ብሎ የእግር ውሃ አሞቀልኝ። ይህን ባስታወስኩ ቁጥር አሁንም ሆዴ ይባባል።

የሕንፃ ሥራ ሕጉ ግልጽ ነበር። ሴቶች ውሃ እንቀዳለን፣ አሸዋ እንነፋለን፣ ስሚንቶውን አቡክተን በባሬላ ለሁለት ተሸክመን መወጣጫው እግር ድረስ እናደርሳለን። ከዚያ በላይ ያለው የወንድ አገር ነው። የሕጉ ጠባቂ ጋሽ ደምሴ ይባላል። ከአለቃችን ከኮንትራክተሩ ከአቶ ሙሉጌታ ግንበኞች መካከል አንጋፋው ነበር፤ እጁ ወርቅ፣ ምላሱ ኮሶ።

«ሴት የወጣችበት ግንብ ዓመት ሳይሞላው ይሰነጠቃል» ይል ነበር።

«ጋሽ ደምሴ፣ ወጥታ የምታውቅ ሴት አለች እንዴ?» አልኩት አንድ ቀን።

«ስላልወጣችማ ነው ግንቦቻችን የቆሙት!» አለኝ። ሰዉ ሁሉ ሳቀ፤ እውነቱን ለመናገር እኔም ሳቅኩ። ነገሩ ግን ውስጤ ቀረ።

አቶ ሙሉጌታ ሲናደድም ሲደሰትም የሚጮህ ሰው ነው። ቅዳሜ ደሞዝ አያሳልፍም ነበርና ጩኸቱን ችለን ኖርን። በሱ ሥር ከሚሠሩት ሁሉ የማይጮህባቸው አንድ ሰው ብቻ ነበሩ፤ አባ ቢያ።

አባ ቢያ ጅማ ተወልደው ጅማ ያረጁ፣ አማርኛና ኦሮምኛ እየቀላቀሉ የሚያወሩ ግንበኛ ነበሩ። ሥራ ሳይጀምሩ እጃቸውን እስከ ክርናቸው ይታጠባሉ። የመጀመሪያዋን ድንጋይ «ቢስሚላህ» ብለው ያስቀምጣሉ፤ ከዚያ በኋላ እስከ ምሳ ድረስ ድምፃቸው አይሰማም። የተወጠረውን ሲባጎ በጥፍራቸው ነካ አድርገው ድምፁን ያዳምጣሉ፤ ከላላ ያውቁታል። አንድ ረድፍ ባለቀ ቁጥር ቁጢጥ ብለው ጉንጫቸውን ግንቡ ላይ ያስደግፉና ወደ ላይ አሻቅበው ያያሉ። የተሳሳተ ነገር ካዩ ማንንም አይቆጡም። ድንጋዩን አውጥተው፣ አጥበው፣ ለሠራው ሰው መልሰው ይሰጡታል። ያ ከአቶ ሙሉጌታ ጩኸት ይብሳል። ሲረኩ ደግሞ አንዲት ቃል ብቻ አለቻቸው፤ «ጋሪዳ»። በኦሮምኛ ጥሩ ነው ማለት ነው። እሷን ቃል ለመስማት ሰው ወር ሙሉ ይደክማል።

የመስታወት ብሎኬት መጀመሪያ ያየሁት ጅማ መሃል አንድ ነጋዴ ፎቅ ሲያሠራ ነው። የደረጃው ቤት ጨለማ እንዳይሆን ብሎ በካርቶን አሽጎ ከአዲስ አበባ አስመጣው። እንደ ማዕረጉ ሥራውን ጋሽ ደምሴ ተረከበ። የኛ አገር ግንበኛ ጡብን ከመደርደሩ በፊት በርሜል ውስጥ ይነክረዋል፤ ጡብ ውሃ ካልጠጣ የስሚንቶውን ውሃ መጥጦ ያደርቀዋልና። ጋሽ ደምሴም መስታወቱን ነከረው። መስታወት ግን ውሃ አይጠጣም! ውሃው ላዩ ላይ ቀረ፣ ስሚንቶው ላላ፣ ብሎኬቱ መንሸራተት ጀመረ። በዚያ ላይ እንደ ጡብ መጋጠሚያውን እያቆራረጠ ነበር የሚደረድረው። ከምሳ በኋላ ስንመለስ ግድግዳው እንደ እርጉዝ ሆዱን ወደ ፊት ገፍቶ ቆሟል። አቶ ሙሉጌታ ሲጮህ ከገበያ ማዶ ተሰማ። ግድግዳው ፈረሰ።

በማግስቱ አባ ቢያ ከባሬላው ጋር እንደ ቆምኩ ጠሩኝ።

«ኢንታላ፣ ኮቱ!» ልጅት፣ ነይ ማለታቸው ነው። «ጥልፍ ታውቂያለሽ አሉ?»

«እጠልፍ ነበር አባ ቢያ።»

«ክር ስትቆጥሪ አንዷን ብትስቻትስ?»

«መነሻው ላይ አይታወቅም፤ ጫፍ ሲደርስ ግን ጠቅላላው ይንጋደዳል።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። «ይሄ መስታወት እንደሱ ነው። የኔን ዓይን ደግሞ ሞራ ጋርዶታል፤ ሲያንጸባርቅ መጋጠሚያው አይታየኝም። እጅ ከኔ፣ ዓይን ካንቺ። ነይ ውጪ።»

ወጣሁ። ታች የነበሩት ሁሉ ሥራ አቁመው አዩኝ። ጋሽ ደምሴ ምራቁን ትፍ አለና ፊቱን አዞረ። መወጣጫው ከእግሬ ሥር ሲወዛወዝ ፈራሁ። ደስታዬ ግን ከፍርሃቴ በለጠ።

የተማርኩት ያኔ ነው። በመጀመሪያ ብሎኬቶቹን መሬት ላይ ደርድረን መረጥን። ከአንድ ካርቶን ቢወጡም እኩል አይደሉም፤ አንዱ በፀጉር ያህል ይበልጣል። ትልልቁን ለብቻ፣ ትንንሹን ለብቻ ለይቶ በየረድፉ ማከፋፈል ያስፈልጋል። መጋጠሚያው የትንሿን ጣት ጥፍር ያህል ይሰፋል፤ ከታች እስከ ላይ ያው ነው። ያን ስፋት የሚጠብቅ ነገር ገበያ ላይ አልነበረም። አባ ቢያ በርጩማ ጠራቢ ወዳጃቸው ዘንድ ሄደው ከዋንዛ ስብርባሪ እኩል እኩል የሆኑ ትንንሽ ሽብልቆች አስጠረቡ። እንጨቱ ከስሚንቶው ውሃ ጠጥቶ እንዳያብጥ ሻማ አቅልጠው ነከሩት። ስሚንቶው ያዝ ሲያደርግ ሽብልቁ ይነቀልና ቦታው ይደፈናል።

ልውሱ ደረቅ ያለ መሆን አለበት፤ ጨብጠሽ ስትለቂው የእጅሽን ቅርጽ የሚይዝ። ብሎኬቱ በብረት አይመታም፤ የግንበኛ ማንኪያውን የእንጨት እጀታ በብስክሌት ጎማ ቁራጭ ጠቅልሎ ቸብ ቸብ ማድረግ ነው። በየሁለት ረድፉ ቀጭን ብረት ይተኛበታል። በቀን ሦስት ረድፍ ከተሠራ በቂ ነው፤ ከዚያ በላይ የወጣ ሰው ማታ ሠርቶ ጠዋት ያፈርሳል። ዋናው ነገር ግን ቱንቢው ነው። ጡብ መጋጠሚያው ስለሚቆራረጥ ስህተትን ይሸሽጋል። የመስታወት ብሎኬት አንዱ ባንዱ አናት ላይ ነው የሚቆመው፤ የመጋጠሚያው መስመር ከላይ እስከ ታች ራቁቱን ስለሆነ ለእያንዳንዱ መስመር ቱንቢ መጣል አለብሽ። ለዚያውም ከፊትም ከኋላም፤ መስታወት ሁለት ፊት አለው።

የደረጃው ግድግዳ ሲያልቅ አባ ቢያ ጉንጫቸውን አስደግፈው አሻቅበው አዩ። ሞራ በጋረደው ዓይናቸው ምን እንዳዩ እግዜር ይወቅ። ዞር ብለው «ጋሪዳ» አሉኝ። ያን ቀን ወደ ቤቴ የሄድኩት በእግሬ አይመስለኝም።

ከዚያ በኋላ የመስታወት ሥራ በመጣ ቁጥር አባ ቢያና እኔ ሆንን። ሰኮሩ የአንድ ሆቴል መታጠቢያ ቤት፣ ሸቤ የአንድ ፋርማሲ መስኮት ሠራን። ሁሉም ትንንሽና ጥላ ሥር ያለ ነበር፤ አንዱም ችግር አላሳየም። አቶ ሙሉጌታ ግን ስሜን ከግንበኞች ጋር አልጻፈውም፤ የምከፈለው እንደ ተሸካሚ ነበር። «የአባ ቢያ ዓይን» እያለ ይጠራኛል። እኔ ደግሞ የሰው ዓይን ሳይሆን ግንበኛ መባል ፈለግሁ።

ሐጂ ነስሩ የመጡት ያኔ ነው። ሊሙ ገነት ላይ ቡና እየገዙ የሚያደርቁ፣ ስማቸው የተከበረ ነጋዴ ናቸው። ከቡና ማድረቂያቸው ጎን አዲስ ቤት ያሠሩ ነበር። የሳሎኑ አንድ ግድግዳ፣ ወደ ምዕራብ የሚያየው፣ ከወለል ተነስቶ ጣሪያውን እስከሚሸከመው አግዳሚ የአርማታ ቢም ድረስ መስታወት እንዲሆን ፈለጉ። «ቤተሰቤ በብርሃን ይቀመጥ፤ ቡና የሚያወርደው ወዛደር ሁሉ ግን አይመልከታቸው» አሉ። ያን የሚያህል ትልቅ የመስታወት ግድግዳ በጅማ ዙሪያ የሠራ አልነበረም።

ሠራነው። ቁመናው ሲያዩት ያስደነግጥ ነበር። በመጨረሻው ቀን አባ ቢያ የግንበኛ ልማድ የሆነውን አደረጉ። በኛ አገር በመጨረሻው ረድፍና በቢሙ መካከል የምትቀረው ቀጭን ክፍተት በድንጋይ ስንጣሪና በስሚንቶ ተጠቅጥቃ ትጠብቃለች፤ መቆለፍ ይባላል። ክፍተት የተወ ግንበኛ ስሙ ይጠፋል፤ ነፋስ ይገባል፣ አይጥ ይገባል፣ አልፎም እባብ ይገባል ይባላል። አባ ቢያ ዕድሜ ልካቸውን ቆልፈዋል። ያንንም ቆለፉት፤ ስንጣሪዋን መትተው ሲያስገቡ ድምፁ ደስ ይል ነበር።

ጥር ላይ አንድ የአይሱዙ ሾፌር ጅማ ድረስ መልእክት ይዞ መጣ። «የሐጂ ነስሩ መስታወት ተሰነጣጥቋል፤ ኑ ብለዋል።»

ጠዋት ስንደርስ ግቢው በሰው ተሞልቷል። ከላይኛው ረድፍ ጀምሮ በግራ በኩል ወደ ታች፣ ብሎኬቶቹ አንድ ባንድ ተተርትረዋል። ጋሽ ደምሴ ከኛ ጋር መጥቶ ነበር፤ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ ቆመ።

«ይኸው! አላልኩም? ሴት የወጣችበት ግንብ!» አለ፤ ሰዉ ሁሉ እንዲሰማው።

አቶ ሙሉጌታ ጮኸ። «በቃ! ከነገ ጀምሮ ወደ ባሬላሽ!»

ሐጂ ነስሩ ግን ተጨንቀው፣ «ወላሂ፣ የሚገርመው» አሉ፣ «ከዙሁር ሶላት በኋላ ነው። ጠዋት ሰላም ነው። ከሰዓት ፀሐይ ሲዞርበት ጣ! ይላል።»

የሚሰማቸው አልነበረም። እኔም አልሰማሁም፤ ከጆንያ ክምሩ ኋላ ሄጄ አለቀስኩ። ያስለቀሰኝ ባሬላው አልነበረም፤ ባሬላ አውቀዋለሁ። ከዚያ ቀን በኋላ የትኛውም ሴት መወጣጫ ላይ እግሯን ብታነሳ፣ «የሊሙ ገነቱን ረሳሽው?» እንደምትባል ታየኝና ነው።

እዚያው ቆይቼ ፊቴን አብሼ ስመለስ ፀሐዩ ወደ ምዕራብ ዞሯል፤ አባ ቢያ በርጩማ አስመጥተው ከግድግዳው ፊት ተቀምጠዋል። የእጃቸውን ጀርባ መስታወቱ ላይ አስደግፈዋል።

«ኢንታላ፣ አንብቢልኝ። ስንጥቁ ከየት ይነሳል?»

«ከላይ። ቢሙን ከሚነካው ጫፍ።»

«በግራስ?»

«ከአርማታው ምሰሶ፣ ከኮለኑ ጋር የተጣበቁት ሁሉ ተሰንጥቀዋል።»

«በቀኝስ?»

በቀኝ በኩል የእንጨት የበር መቃን ነበር። አየሁ። ደግሜ አየሁ። «በቀኝ አንድም የለም አባ ቢያ። ከእንጨቱ ጋር ያሉት ደኅና ናቸው።»

«ጠዋት ስነካው ቀዝቃዛ ነበር» አሉ ቀስ ብለው። «አሁን እሳት ነው።»

በዚያች ቅጽበት የቡናው መጋዘን ቆርቆሮ ጣሪያ ጓ! አለ። ጅማም ሊሙም የኖረ ሰው ያን ድምፅ ያውቀዋል፤ ፀሐይ ሲበረታ ቆርቆሮ ይንጓጓል፣ ማንም ዞሮ አያየውም። እኔ ግን ዘለልኩ።

«አባ ቢያ! ቆርቆሮው ሲሞቅ ይለጠጣል፤ ቦታ ስላለው ጮሆ ዝም ይላል። መስታወቱም ይለጠጣል! በቀኝ በኩል እንጨቱ ሸሸለት። በላይና በግራ ግን አርማታ ነው፤ ተቆልፏል፤ መሄጃ የለውም!»

አባ ቢያ በርጩማቸውን ተደግፈው ተነሱና ወደ ሰዉ ዞሩ።

«ሰዎች፣ ስሙኝ። ይህን ግንብ የሰነጠቀው ሴት አይደለም። እኔ ነኝ ያነቅኩት። ያቺን ስንጣሪ የመታሁት በዚህ እጄ ነው፤ እሷ ያኔ ታች ነበረች።»

በሙያችን አንድ ሽማግሌ ግንበኛ በሰው ፊት ተሳሳትኩ ሲል ሰምቼ አላውቅም ነበር። ጋሽ ደምሴ ግን ራሱን ነቀነቀ። «ልጅቷን ሊሸፍኑላት ነው አቦ! ክፍተት ትቶ መጨረስ? ግንብ ነው የምንሠራው ወይስ የዶሮ ቤት?»

የፈረዱት ሐጂ ነስሩ ናቸው። «እኔ የቡና ሰው ነኝ» አሉ። «ጆንያ እስከ አፉ ጠቅጥቄ ብሰፋው፣ እርጥበት ሲነካው ቡናው ያብጥና ስፌቱን ይበጥሰዋል። ስለዚህ ሁልጊዜ ከላይ ትንሽ ቦታ እተውለታለሁ። የልጅቷ ነገር ለኔ ገብቶኛል። እሷው ትሥራው፤ በራሷ ስም።»

አቶ ሙሉጌታ ጣቱን ቀሰረብኝ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይጮህ ነበር የተናገረው። «ከቆመ ግንበኛ ነሽ፤ እኔ ራሴ እጽፍሻለሁ። ከተሰነጠቀ ግን በኔ ሥራ ላይ ሴት ከመወጣጫ እግር በላይ አትወጣም። አንቺም፣ ከአንቺ በኋላ የምትመጣዋም።»

«እሺ» አልኩ።

የተሰነጠቀውን አፈረስን። አዲስ ብሎኬት እስኪመጣ ድረስ በከተማው ትምህርት ቤት የሚያሠራውን ወጣት ኢንጂነር ጠየቅኩት። «ልክ ነሽ፣ ቦታ ይፈልጋል» አለኝ። «ባዶውን ግን አትተዪው፤ የሚጨመቅ ለስላሳ ነገር ሙዪበት፣ ፊቱን ደግሞ ሲሊኮን ቀቢው።» ለስላሳ ነገር ከየት ይምጣ? ሐጂ ነስሩ የእንግዳ ፍራሽ አወጡልኝ። ስፖንጁን በጣት ውፍረት እየሰነጠቅሁ ኮለኑ ላይና ቢሙ ሥር አለበስኩት። እንግዳ ቢመጣ የት ይተኛል ብዬ ስጠይቃቸው፣ «ያንቺ ግንብ ከቆመ እንግዳ አይተኛም፤ ሲያይ ነው የሚያድረው» አሉኝ።

ጋሽ ደምሴ ዙሪያውን እንዲለስን አቶ ሙሉጌታ እዚያው አስቀርቶት ነበር። ቀኑን ሙሉ ከጀርባዬ ሆኖ ያየኛል። ቱንቢዬን ስጥል የግራው ኮለን ወደ ውስጥ ዘንበል ማለቱን አገኘሁ፤ ያ ኮለን ሲሞላ ደግሞ የተቆጣጠረው ጋሽ ደምሴ ራሱ ነው። ኮለኑን ተከትዬ ብሄድ መስመሮቼ በሙሉ ይንጋደዳሉ። ቱንቢውን ብከተል ላይ ስደርስ የስፖንጁ ቦታ ይጠብባል። መሮ አንስቼ የኮለኑን ልስን ከላይ በኩል ፋቅሁት። ጋሽ ደምሴ አየ፤ ጠጋ ብሎም የኮለኑን ዝንባሌ በዓይኑ ለካ።

መረጥኩ፣ ደረደርኩ፣ ሽብልቅ ሰካሁ፣ ነቀልኩ። ከፊት አይቼ ከኋላ ዞሬ አየሁ። አባ ቢያ በርጩማቸው ላይ ሆነው ሲባጎዬን በጥፍራቸው እየነኩ ያዳምጣሉ። «ሱታ፣ ሱታ» ይሉኛል፤ ቀስ በዪ ማለታቸው ነው። የመጨረሻው ረድፍ አልቆ ከቢሙ ሥር የጣት ያህል ክፍተት ሲቀር፣ ተነስተው ወደ መስጊድ አቀኑ።

«አባ ቢያ፣ ገና አልደረሰም እኮ አዛኑ!»

«አውቃለሁ። እዚህ ከቆየሁ ይሄ እጄ ይቆልፈዋል። ልሽሽ!»

ከልቤ ሳቅሁ፤ ስፖንጁንም አስገባሁ።

ግድግዳው ደርቆ ሁሉም ነገር ሲያልቅ ሁዳዴ ሊገባ ሳምንት ያህል ቀርቶታል፤ የበጋው ፀሐይ ደግሞ የበረታበት ጊዜ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት ሐጂ ነስሩ ሁላችንንም ጠርተው ከግድግዳው ፊት አግዳሚ ወንበር አስወጡ። ዙሁር ሰገዱና መጥተው ተቀመጡ። ፀሐዩ ዞረ። መስታወቱ መጀመሪያ ነጣ፣ ከዚያ ወርቅ መሰለ፤ ብርሃኑ ሳሎኑ ውስጥ እስከ ማዶው ግድግዳ ተነጠፈ። እኔ ዓይኔን ከቢሙ ሥር አልነቀልኩም።

ጓ! አለ።

ሁላችንም ተነሳን። አቶ ሙሉጌታ በርጩማ ረግጦ ሊወድቅ ለጥቂት ዳነ። ጓ! አለ ደግሞ። የመጋዘኑ ቆርቆሮ ነው! ሐጂ ነስሩ ሳቃቸውን ለቀቁት። አባ ቢያ የእጃቸውን ጀርባ መስታወቱ ላይ አሳረፉ፤ ከግራ ጀምረው እስከ ቀኝ እየዳበሱ ሄዱ፤ ተመለሱ። ከዚያ ጉንጫቸውን አስደግፈው ወደ ላይ አሻቀቡ። ፀሐዩ ወደ ኮረብታው እስኪጠጋ ድረስ ጠበቅን። መስታወቱ ዝም አለ።

«ጋሪዳ» አሉ አባ ቢያ። ቀጥለውም ከዚያ በፊት ጨምረው የማያውቁትን ቃል ጨመሩ፤ «ማሻአላህ።»

ሐጂ ነስሩ ሁለት በግ አስመጡ። በኛ አካባቢ ወግ ነው፤ ሥራ ሲያልቅ አንዱ ለሙስሊሙ አንዱ ለክርስቲያኑ ይታረዳል፣ ማንም በማንም ቅር አይሰኝም። «ጾማችሁ ሳይገባ ብዬ ነው የቸኮልኩት» አሉን። የክርስቲያኖቹን በግ የሚያርደው አንጋፋው ግንበኛ፣ ጋሽ ደምሴ ነው። ሥጋውም ሥርዓት አለው። ፍሪምባው ግንቡን ላቆመው ግንበኛ ነው፤ ሁልጊዜ ጋሽ ደምሴ ነበር የሚወስደው። ሆድ ዕቃው ደግሞ ለተሸካሚ ሴቶች ነው፤ እሱንም አጥበን እኛው እንሠራዋለን።

አቶ ሙሉጌታ ስሜን እንደሚጽፍ ጮሆ ተናግሮ ነበር። እግሬ ግን ልማዱን ነው ያደረገው። እጅጌዬን ሰብስቤ ከሴቶቹ ጋር ቧንቧው ሥር ቁጢጥ አልኩ። ጨጓራውን ገልብጬ ማጠብ ስጀምር ከላዬ ጥላ አረፈብኝ። ቀና አልኩ። ጋሽ ደምሴ ነው፤ በአንድ እጁ ቢላዋ፣ በሌላው በቅጠል ላይ ፍሪምባው።

«ምን ታደርጊያለሽ እዚህ?» አለኝ።

«ጨጓራ አጥባለሁ፤ አያዩም እንዴ?»

«ተዪው።» ጎንበስ ብሎ ከእጄ ወሰደው፤ በቦታው ፍሪምባውን አስቀመጠልኝ። ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ ሁሉም እንዲሰማው፣ «ግንበኛ ጨጓራ አያጥብም» አለ።

እሱው ቁጢጥ ብሎ ከሴቶቹ ጋር አጠበው። እኔ ከግንበኞቹ ጋር ተቀምጬ ድርሻዬን በላሁ። ከዚያ ቀን ወዲህ ጨጓራ አጥቤ አላውቅም፤ ቤታችን ውስጥ እንኳ የሚያጥበው ባሌ ነው።